ከዱቤ ደብተር የገለበጥኳቸው 74 መስመሮች

ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ፣ ደመወዝ በገባ ማግስት፣ ከብሎካችን ሥር ወዳለው ሱቅ የወሩን ዱቤ ልከፍል ወረድኩ። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ደመረና «እህቴ፣ 4,315 ብር ነው» አለኝ። እንደገና እንዲደምር ጠየቅሁት። ደመረ፤ ያው ነው። ከደመወዜ ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። ለባንክ የቤቱ ዕዳ ገና አልተከፈለም፤ የልጆች ምዝገባ ደርሷል፤ እንቁጣጣሽ ደጅ ላይ ቆሟል። «ምን ምን እንደወሰድኩ ልየው?» አልኩት። ቅር ሳይለው ደብተሩን አዙሮ ሰጠኝ። ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው። 74 መስመር ሆኑ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ በ20/80 ዕጣ በደረሰን ባለ አንድ መኝታ ቤት። መሥሪያ ቤቴ ስታዲየም አካባቢ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ። ባለቤቴ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፤ ሥራ ሲኖር ደህና ያገኛል፣ ክረምት ሲገባና ግንባታ ሲቀዘቅዝ ግን ለሳምንታት ቤት ይውላል። ልጆቻችን የ9 ዓመት ሴትና የ5 ዓመት ወንድ ናቸው። ይህን የምጽፈው እንደኛ ከተማው ዳር ለሚኖሩ፣ ወር ሳይሞላ ገንዘቡ ለሚያልቅባቸውና የት እንደገባ ለማያውቁ ሰዎች ነው።

ያን ሰሞን ሁሉንም ነገር በኑሮ ውድነት አሳብቤ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዘይቱም ሳሙናውም በየሳምንቱ ሌላ ዋጋ ይጠሩበት ነበር። የዋጋው መናር እውነት ነው፤ ዛሬም አልካድኩትም። ነገር ግን 74ቱን መስመሮች ሳያቸው የዋጋው ንረት ሊያስረዳኝ የማይችል ብዙ ነገር አገኘሁ።

በመጀመሪያው ሌሊት ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚመክረውን ነው። ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «የግድ»፣ በሌላው በኩል «አምሮት» ብዬ ጻፍኩና እያንዳንዱን መስመር ቦታ ቦታ አስያዝኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስጨርስ 66ቱ «የግድ» ሥር ነበሩ። ዳቦ የግድ ነው። ሳሙና የግድ ነው። ለሕፃን ብስኩት እንኳ፣ እያለቀሰ ከሆነ፣ በዚያች ደቂቃ የግድ ይመስላል። እኔ የሰው ገንዘብ ሒሳብ የምሠራ ሴት ነኝ፤ የራሴን ግን በዚህ መንገድ መለየት አቃተኝ።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ አንድ ነገር የሚናገር ይመስለኛል። «እፈልጋለሁ» ስል ፈላጊዋ እኔ ነኝ። «ያስፈልገኛል» ስል ግን ነገሩ ነው የሚያዘኝ፤ እኔ ታዛዥ ሆኛለሁ። ሱቅ ደጃፍ ቆሜ «ለስላሳ እፈልጋለሁ» ብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ «ለልጆቹ የሆነ ነገር ያስፈልጋል» ነው የምለው። ያን ቃል ባልኩ ቁጥር ምርጫው ከእጄ ይወጣል።

በመስከረም ወር የሠራሁት ስህተት ከዚህ የባሰ ነበር። «አምሮት» ሥር ካሉት ቢቆረጥ ጉዳት የሌለው መስመር ፈልጌ ቡናውን አገኘሁ። ፎቃችን ላይ አራት ቤቶች ነን፤ እሁድ ከሰዓት በኋላና በየበዓሉ ቡና እንጠራራለን። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ፈንዲሻው፣ ከሰሉና ዕጣኑ ሲደመር በወር 900 ብር ገደማ ያስወጣኛል። ቆረጥኩት። ሰው ቤት ጠጥቶ አለመጥራት ነውር ስለሆነም ሲጠሩኝ መሄዱን ጨምሬ ተውኩት። አንድ እሁድ ራሴን አሞኛል አልኩ፣ በሌላው ልብስ ላጥብ ነው አልኩ፤ በሦስተኛው የጠራኝ አልነበረም።

ልጆቼን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እኔ እስክገባ የሚይዙልኝ የጎን ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ እናት። አልከለከሉኝም፤ እኔ ግን ዐይናቸውን ማየት አፈርኩ። ስላፈርኩም ከሥር ብሎክ አንዲት ልጅ በወር 1,500 ብር ልጆቹን እንድትጠብቅ አነጋገርኩ። 900 ብር ላድን ብዬ 1,500 ማውጣት ጀመርኩ ማለት ነው። በጋራ የሚገዛው ጤፍም በዚያው ወር አመለጠኝ፤ ወሬው የሚነገረው ቡና ላይ ነዋ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ራሳቸው በር አንኳኩተው ገቡና «ልጄ፣ ቡናው ከተወደደ ቡናው ይቅር፤ አንቺ ለምን ቀረሽ?» አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ቡናው በተራ ሆነ፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰኛል፣ በፈንዲሻው ፋንታ ቆሎ ሆነ፣ ለእኔ የሚያስወጣኝ ከ250 ብር አይበልጥም። ሌሎቹም ቤቶች ወጪው ከብዷቸው እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተናገርንም ነበር።

እድርን ለመንካትም አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለኝ። ታኅሣሥ ላይ ከብሎካችን አንድ አባወራ ሲያርፉ ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተክሎ፣ ወንበሩና ድስቱ ተደርድሮ ሳይ ትክክል እንደነበር ገባኝ።

ስለዚህ ወደ ደብተሩ ተመለስኩ፤ ጥያቄዬን ግን ቀየርኩ። «ይህ የግድ ነው ወይስ አምሮት?» ማለቱን ትቼ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህን የግድ ያደረገው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ለውጡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለሱቁ ሰዓት አይጽፍም፤ ዕቃው ግን ሰዓቱን ይናገራል። «6 ዳቦ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ»፤ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ደግሞ «6 ዳቦ፣ 4 እንቁላል»። «1 ፓስታ፣ 1 የቲማቲም ድልህ»። «2 ለስላሳ፣ 2 ብስኩት»። እነዚህን ጠዋት የሚገዛ የለም። ከታክሲ ወርጄ፣ ደክሞኝ፣ ልጆቹ እጄን እየጎተቱ፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ወጥ እንደሌለ እያወቅሁ የወሰድኳቸው ናቸው። ከ74ቱ 41ዱ የዚህ ዓይነት ነበሩ። የተራበ ልጅ ማብላት የግድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል እንዲራቡና እኔም ማብሰል እንዳልችል ያደረገው ግን እሁድ ዕለት ሳልሠራው የዋልኩት ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ቁሌት ሆነ። እሁድ ጠዋት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ በትልቁ ድስት በደረቁ አቁላላለሁ፤ ውሃው ሲመጥ ዘይት፣ ከዚያ ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን ለአልጫ እንዲሆን ያለ በርበሬ። በደንብ ከበሰለና ሁልጊዜ በደረቅ ማንኪያ ከተነካ፣ ማታ ማታ አንዴ ትኩስ እየተደረገም፣ አራት ቀን ይቆያል። ማታ ስገባ ውሃ ይጣዳል፣ ቁሌቱ ይጨመራል፣ ሽሮው ይነሰነሳል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ማዕድ ቀርቧል። ምስር ከሆነ ጠዋት ነክሬው እወጣለሁ። በቦርሳዬ ደግሞ አንድ ላስቲክ ቆሎ ይዣለሁ፤ ልጆቹ ደረጃው ላይ ሲቀበሉኝ እጃቸው ላይ አፈሳለሁ። የሱቁን ደጃፍ አልፈን እንወጣለን። በጥቅምት ወር የማታዎቹ መስመሮች 11 ብቻ ሆኑ።

የቀሩትን ስመለከት ሌላ ነገር ታየኝ። ዘይት በግማሽ ሊትር ዘጠኝ ጊዜ ወስጃለሁ። ትንንሽ የኦሞ ከረጢት 13። ስኳር በሩብ ኪሎ። እነዚህን የግድ ያደረገው ግልጽ ነው፤ በአንድ ጊዜ የምከፍለው ስለሌለኝ በትንሽ በትንሹ እገዛለሁ፣ በትንሽ በትንሹ ስገዛም ለአንድ ሊትር ከሌላው ሰው የበለጠ እከፍላለሁ። ድሃ ውድ ይገዛል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በቁጥር ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው። ከዚህ ለመውጣት የመጀመሪያዋን ብር የት ላግኝ? ከማታዎቹ መስመሮች የተረፈው ነው የሰጠኝ። ኅዳር ላይ አራቱ ቤቶች ሆነን 20 ሊትር ዘይት ገዝተን ለየቤቱ አምስት አምስት ሊትር ተካፈልን። ሽንኩርትና ድንችም ከእሁድ ገበያ በጋራ መግዛት ጀመርን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በዚህ ደስታ ተነሥቼ ብስኩትም በካርቶን ገዛሁ፤ በአራት ቀን አለቀ። ኦሞ ስለበዛ ልብስ አብልጦ የሚያጥብ ሰው የለም፤ ብስኩት ግን ካለ ይበላል። በብዛት የምገዛው ቤት ውስጥ መኖሩ ፍጆታውን የማይጨምረውን ብቻ ነው።

ጤፉ ከሁሉም በላይ አከራከረን። እናቴ ቤት ማኛ ጤፍ ነው የተበላው፤ እኔም በትዳሬ ሙሉ ከነጭ ወርጄ አላውቅም። ጤፍ ራሱ የግድ ነው ብዬ ስለማምን ነጭነቱን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ ወደ ዱከም ወርደው ሲገዙ አብሬ ሄድኩና ሠርገኛውን ከማኛው ጎን አስመዝኜ አየሁት። የዋጋው ልዩነት የወሩን የወፍጮና የበርበሬ ወጪ የሚሸፍን ነበር። ሠርገኛ ገዝቼ ተመለስኩ። ልጆቹ የመጀመሪያውን እንጀራ በልተው ምንም አላሉም። የተቸገርኩት እኔ ነኝ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር መሶቡን ስከፍት ደረቴ ይመታ ነበር። እንግዶቹ የሚበሉት ወጡን እያዩ እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ ነጩ ጤፍ ለልጆቼ ሆድ ሳይሆን ለእኔ መሸማቀቅ የሚገዛ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለራሴ ማመን ቀላል አልነበረም።

ስለ እንጀራ ካነሳሁ፣ የመብራት ታሪፉ በእርከን የሚሄድ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በወሩ የተጠቀምነው ሲበዛ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ከፍ ይላል። ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል የሚስብ ዕቃ ነው፤ እስኪግልም ብዙ ይበላል። በሳምንት ሦስት ጊዜ እየጣድኩ አምስት አምስት እንጀራ ከማወጣ ሁለት ጊዜ አድርጌ አበዛሁት። ከጋገርኩ በኋላ በቀረው ሙቀት ቆሎውን እቆላበታለሁ።

ከደብተሩ ውጭ ያለው ትልቁ ጉድጓድ ትራንስፖርት ነበር። በስልኬ የከፈልኩትን ስቆጥር በነሐሴ ወር ሰባት ጊዜ ብቻዬን በጥሪ ታክሲ ሄጃለሁ፤ አንዱ 450 ብር ገደማ፣ በድምሩ 3,150 ብር። ሰባቱንም ጊዜ አርፍጄ ነበር፤ ሥራ መግባት የግድ ነው። ያስረፈደኝ ምን ነበር? ውሃ። ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። ተነሥቼ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ስሞላ አንድ ሰዓት ተኩል እቆማለሁ፤ በማግስቱ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ከቃሊቲ የሚነሣው የጠዋቱ ባቡር ያመልጠኛል። ባለቤቴ ሁለት በርሜልና ሲሞላ ውሃውን በራሱ የሚዘጋ ቧንቧ እንግዛ አለ፤ 3,800 ብር። በዚህ ችግር ውስጥ ሆነን ይህ አምሮት ነው ብዬ ተከራከርኩት። ደግነቱ አልሰማኝም። ራሱ ገጠመው። ኅዳር ላይ በጥሪ ታክሲ የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ልጁን ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ለመውሰድ። ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ምን ልተው ብቻ ሳይሆን ምን ልግዛ ብሎም መጠየቅ እንዳለበት የተማርኩት ከዚህ ነው።

ክፍያውን በስልክ ማድረጌም የራሱ ድርሻ ነበረው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ጀምሮ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ተጠቅሜበታለሁ፤ መብራትና የትምህርት ቤት ክፍያ ከሥራ ሳልቀር የምከፍለው በእሱ ነው። ለዕለት ወጪ ግን ተውኩት፤ ከስልክ ሲወጣ እጄ ምንም አይሰማውም። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን በጥሬ ገንዘብ አውጥቼ በፖስታ አስቀምጣለሁ። ሐሙስ ላይ ፖስታው ሲሳሳ ይታየኛል።

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ተዳረች። ዘመዶች ተሰብስበው ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥልፍ ያለው ቀሚስ እንድናሰፋ ወሰኑ፤ የአንዱ ዋጋ 6,500 ብር። ሌሎቹን ወጪዎች ሁሉ ስቀንስ ሆዴ አልባባም፤ እዚህ ላይ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በመጨረሻ ሙሽራዋን ደውዬ «እህቴ፣ የቀሚሱ ገንዘብ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ዋዜማውን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ታገኚኛለሽ፤ ቀሚሱን ግን አልችልም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እንኳን ነገርሽኝ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሠርጉ ላይ ፎቶ ስንነሣ አዝኛለሁ፤ ሁሉም በአንድ ቀለም ቆመው እኔ በድሮው ቀሚሴ ዳር ነበርኩ። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። ማታ ሁለት ዘመዶቼ ለብቻ ጠርተው፣ ቀሚሱን በብድር እንዳሰፉ ሹክ አሉኝ።

ከባለቤቴ ጋር ያለው ጉዳይ አጭር ነው። ቅዳሜ ማታ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ያመሻል። እኔ አምሮት አልኩት፤ እሱ «ሥራ የሚነገረኝ እዚያ ነው» አለ። ስለ ቡናው የደረሰብኝን አስታውሼ ዝም አልኩ። በወር ለእያንዳንዳችን 600 ብር፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት፣ መደብን። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም።

ከ1,000 ብር በላይ ለሚያወጣ ዕቃ ደግሞ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። የፈለገ ሰው ዕቃውንና ቀኑን ይጽፋል፤ 30 ቀን ሳይሞላው አይገዛም። አዲስ ረከቦት ጽፌ በ12ኛው ቀን ራሴ ሰረዝኩት። ባለቤቴ የጁስ መፍጫ ጽፎ ረሳው። የሴቷ ልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ግን 30 ቀን ሳይቆይ ተገዛ፤ ውሃ የሚያስገባ ጫማ ወር አይጠብቅም።

የየካቲት ዱቤ 1,290 ብር ነበር። ባለሱቁ ይከፋዋል ብዬ ተሸማቅቄ ነበርና ስከፍል ይቅርታ የሚመስል ነገር ተናገርኩ። «ኧረ እህቴ፣ እኔ ዕቃ የማመጣው በጥሬ ገንዘብ ነው። ዱቤ ሲያንስ ለእኔም መተንፈሻ ነው» አለኝ።

ይህን የምጽፈው በመጋቢት 2017 ነው፤ ፀሐዩ በርትቷል። ባለፈው ወር እሁድ ያቁላላሁት ቁሌት ሐሙስ ላይ ሸተተና ደፋሁት። ሴቷ ልጄ ያን ማታ ወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ፍሪጅ» ብላ ጻፈች። ባለቤቴ ያገለገለ ርካሽ አግኝቻለሁ፣ ለፋሲካ ይድረስልን ይላል። እኔ ሽንኩርቱን እሁድና ረቡዕ ሁለት ጊዜ ከፍዬ እያቁላላሁ ከተበላሸ እንየው ብያለሁ። ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የትናንቱ የረቡዕ ቁሌት ደህና ነው። ልጄ ግን በየማታው ወረቀቱ ሥር ቆማ ቀኑን ትቆጥራለች።